ባለ ብዙ አፈሙዝ ሽጉጦችና የመሣሪያ ንድፍ ሕግ፦ ሕጉ የሚመለከተው የአፈሙዙን ብዛት ነው ወይስ የምላጩን ሥራ?

ጅሬን ታሪክ (ጅማ)

ክቡራን የመድረኩ አባላት፣

በዚህ ክር ላነሣው የምፈልገው ጉዳይ ከአንድ በላይ አፈሙዝ ያላቸው ሽጉጦች ታሪክና ሕግ እነዚህን መሣሪያዎች የሚመድብበት መንገድ ነው። እዚህ ጅማ ስለ ጦር መሣሪያ ሕግ በተነጋገርን ቁጥር፣ ሁለት ወይም አራት አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ከባለ አንዱ ይልቅ በሕግ ፊት የከበደ መሆን አለበት የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይገጥመኛል። ጉዳዩን ሳጠናው ግን፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ሕጎች አፈሙዝ እንደማይቆጥሩ፣ ይልቁንም ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ ምን እንደሚከተል፣ የአፈሙዙ ውስጥ ልሙጥ ይሁን ጠመዝማዛ ቦይ ያለው፣ መሣሪያው ምን ያህል አጭር እንደሆነና መቼ እንደተሠራ እንደሚጠይቁ ተረዳሁ። ይህ አካሄድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚቃወም ካለም ምክንያቱን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ታሪኩን ላስቀድም። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የነበረው ሽጉጥ በአብዛኛው ባሩድና እርሳስ በአፉ በኩል ተጠቅጥቆለት የሚጎርስ፣ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪሞላ ድረስ ከብረት ዱላ የማይሻል ነበር። ሁለተኛ ጥይት የሚፈልግ ሰው የነበረው ቀላሉ መፍትሔ ሁለተኛ አፈሙዝ ማስጨመር ነው። ከዚህ ፍላጎት ሁለት የተለያዩ የንድፍ መንገዶች ወጡ። አንደኛው ሁሉንም አፈሙዞች በአንድ ጊዜ የሚያስጮኸው ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ የተሠራው፣ አፈሙዞቹ እንደ ጣት ተዘርግተው የሚታዩት «የዳክዬ እግር» የሚባለው ሽጉጥ ሲሆን፣ አንድ ሰው በፊቱ የቆሙ ብዙ ሰዎችን ለማስፈራራት የታሰበ ነበር። ሁለተኛው መንገድ አፈሙዞቹን ተራ በተራ የሚያስተኩሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ ኢታን አለን፣ በቤልጅግ ደግሞ ማሪየት የፈጠራ መብት ያወጡባቸው «ፔፐርቦክስ» የሚባሉት ሽጉጦች የዚህ ወገን ናቸው። በእነዚህ ላይ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት አፈሙዞች በአንድ እንዝርት ዙሪያ ተጠምደው ይሽከረከራሉ።

ሳሙኤል ኮልት እ.ኤ.አ. በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሽጉጥ፣ የአፈሙዞቹን እሽግ ትቶ ጥይት የሚጎርሰውን ክፍል ብቻ በማሽከርከር አንድ አፈሙዝ እንዲበቃ አደረገ። የእኛ ሰው «ስድስት ጎራሽ» የሚለው ሽጉጥ የዚያ ንድፍ ተወላጅ ነው። ፔፐርቦክሱ በፊቱ በኩል ስለሚከብድና ምላጩ ሲሳብ እሽጉ በሙሉ ስለሚዞር፣ አነጣጥሮ መምታት አስቸጋሪ ነበር። በዚህም ምክንያት ከ1850ዎቹ በኋላ ቦታውን ለስድስት ጎራሹ ለቀቀ።

የቦሳ ልጅ

ጋሼ፣ ስለ ዝርዝሩ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የኮልት ሽጉጥ ያን ያህል የተሻለ ከነበረ፣ ባለ ብዙ አፈሙዝ ሽጉጥ ከዚያ በኋላ ለምን ሳይጠፋ ቀረ? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሠራ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ የሚሠራው ለስብስብ ወዳዶች ብቻ ነው ወይስ እውነተኛ ጥቅም አለው?

ብረት ሠሪ ሒርማታ

ለወንድማችን ጥያቄ ከአሠራር በኩል መልስ ልስጥ። ሙያዬ ብረት ስለሆነ መሣሪያውን የማየው በመጀመሪያ እንደ ማሽን ነው።

ተሽከርካሪ ጎራሽ ያለው ሽጉጥ አንድ የተፈጥሮ ድካም አለበት። ጥይቱ ያለበት ጎሬ ከአፈሙዙ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስንጥቅም ጋዝ ያስወጣል። አፈሙዝና ጥይት መያዣ አንድ አካል በሆኑበት ሽጉጥ ላይ ይህ ችግር የለም። የሚንቀሳቀስ ነገርም ጥቂት ስለሆነ ቀጭንና ኪስ የሚገባ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ሬሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1935 ድረስ የሠራው፣ ደሪንጀር የሚባለው ባለ መንታ አፈሙዝ ትንሽ የኪስ ሽጉጥ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አንዱ አፈሙዝ በሌላው ላይ ተደራርቧል፤ ርዝመታቸው 3 ኢንች ያህል ነው፤ ለመጉረስ ከላይ ባለው ማጠፊያ ወደ ላይ ይከፈታሉ። ምላጩ አንድ ብቻ ነው፤ መምቻውም አንድ ነው። ታዲያ ሁለቱን አፈሙዝ በየተራ የሚያስተኩሰው ምንድን ነው ቢባል፣ መምቻው በተሳበ ቁጥር መርፌው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ቦታ የሚለዋወጥበት ትንሽ ጥርስ አለው። ወደ 150,000 የሚጠጋ ተሠርቷል፤ ይህን ያህል የተሸጠ ዕቃ ለጌጥ ብቻ ተፈለገ ለማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው የማደንቀው ለማት የተባለው ነው። ፈጣሪው ዣን አሌክሳንደር ለማት የኒው ኦርሊንስ ነዋሪ ሐኪም ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (1861–1865) የደቡብ ጦር መኮንኖች ታጥቀውታል። ጎራሹ ዘጠኝ ጥይት ይይዛል፤ ስድስት ጎራሽ ለለመደ ሰው ይህ ብቻውን ያስገርማል። ትልቁ ብልሃት ግን ከዘጠኙ መካከል ነው፤ በሌላው ሽጉጥ ላይ ጎራሹ የሚዞርበት ተራ ዘንግ በነበረበት ቦታ፣ በለማት ላይ ዘንጉ ራሱ ሁለተኛ አፈሙዝ ነው። ይህ ወፍራም አፈሙዝ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ የሚተኩሰውም እንደ አደን ጠመንጃ ፍንጣሪ እርሳስ ነው። በመምቻው አፍንጫ ላይ ያለችውን ተንቀሳቃሽ ምላስ በአውራ ጣት ወደ ታች ሲገፏት መካከለኛውን አፈሙዝ ትመታለች፤ ወደ ላይ ሲመልሷት ደግሞ ከዘጠኙ አንዱን። አንድ ክፍል ሁለት ሥራ ሲሠራ ማየት ለብረት ሠራተኛ ደስታ ነው።

ከዚያ በኋላ በለንደን የቻርልስ ላንካስተር ቤት በ1880ዎቹ ባለ ሁለትና ባለ አራት አፈሙዝ ሽጉጥ ሠርቶ ለእንግሊዝ መኮንኖች ሸጠ። በሱዳንና በሕንድ የዘመቱ መኮንኖች የመረጡት ጠንካራ ጥይት ስለሚተኩስና አሸዋና ጭቃ ቶሎ ስለማያስቆመው ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ኮፕ» የሚባል ባለ አራት አፈሙዝ ሽጉጥ ተሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ለመጠኑ ከባድ፣ ምላጩም ለጣት አድካሚ ስለነበር ገበያ ላይ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አርሰናል ፋየርአርምስ የተባለው ኩባንያ «ኤኤፍ 2011» ብሎ ሁለት የኮልት 1911 ሽጉጦችን ጎን ለጎን ያዋሐደ መሣሪያ አወጣ። ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ ከሁለቱም አፈሙዝ ሁለት ባለ 45 ካሊበር ጥይት አብሮ ይወጣል። ይህኛው ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ የሕግ ሰዎች እንዲያስረዱን የምፈልገውም ስለ እርሱ ነው።

የመድረኩ አስተናባሪ

ውይይቱ በታሪክ፣ በአሠራር ጠቅላላ ሐሳብና በሕግ ላይ እንዲቆይ አሳስባለሁ። ስለ መሥራት፣ ስለ መለወጥ፣ ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ የሚጻፍ ማናቸውም መልእክት ይሰረዛል።

አዌቱ ሕግ

ጋሼ ጅሬን ያነሡት ሐሳብ በመሠረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥቂት ላብራራው።

በአሜሪካ በዚህ ረገድ ዋናው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ሕጉ መትረየስን ሲተረጉም፣ በአንድ የምላጭ ሥራ፣ በእጅ እንደገና ሳይጎረስ፣ ከአንድ ጥይት በላይ በራሱ የሚተኩስ መሣሪያ ይለዋል። በዚህ ትርጉም ውስጥ ስለ አፈሙዝ ቁጥር አንድም ቃል የለም። የሬሚንግተኑ ደሪንጀር ሁለት አፈሙዝ ቢኖረውም ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ስለሚተኩስ ከዚህ ክልል ውጭ ነው። ላንካስተርና ኮፕ አራት አፈሙዝ ይዘው በዚያው ምክንያት ውጭ ናቸው። በተቃራኒው አንድ አፈሙዝ ብቻ ያለው፣ ጣት እስካልተነሣ ድረስ የሚያንጣጣ መሣሪያ መትረየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1986 በኋላ የተሠራ ከሆነም ለግለሰብ አይፈቀድም።

የብዙ አፈሙዝን ጉዳይ በግልጽ የሚያሳየው ምሳሌ ሽጉጥ ሳይሆን ሪቻርድ ጋትሊንግ እ.ኤ.አ. በ1862 የፈጠራ መብት ያገኘበት ተሽከርካሪ መሣሪያ ነው። ብዙ አፈሙዝ አለው፤ በጣም ፈጥኖም ይተኩሳል፤ ሆኖም በእጅ በሚዞር መዘውር ስለሚሠራ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በ1955 በሰጠው ውሳኔ መትረየስ አይደለም ተባለ። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞረውና «ሚኒገን» የሚባለው ባለ ስድስት አፈሙዝ መሣሪያ ግን በ2004 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ መትረየስ ተብሏል። የአፈሙዙ አደረጃጀት ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ጥይቶቹን የሚያስከትለው የሰው እጅ ነው ወይስ ማሽኑ ራሱ የሚለው ጥያቄ ነው።

ወደ ኤኤፍ 2011 ስንመጣ ክርክሩ ይጠነክራል። በአንድ ስበት ሁለት ጥይት ይወጣል፤ ስለዚህ «ከአንድ ጥይት በላይ» የሚለው ተሟልቷል። «በራሱ» የሚለው ግን ተሟልቷል? እንደ እኔ ግንዛቤ መልሱ አልተሟላም ነው። ሁለቱ መርፌዎች ሁለቱን ጥይቶች የሚመቱት በአንድ ቅጽበት፣ ያው አንድ የጣት ኃይል ባስለቀቀው ምት ነው፤ የመጀመሪያው ጥይት ሁለተኛውን አላስከተለም፤ ጣቱ ተጭኖ ቢቆይም ሦስተኛ ጥይት አይመጣም። ሽጉጡ በአሜሪካ ለሲቪል ገበያ መቅረቡም ከዚህ ንባብ ጋር የሚስማማ ነው። ሌሎች አምራቾች ግን ይበልጥ ጥንቃቄ መርጠዋል፤ «ጊልቦዋ ስኔክ» የተባለው የእስራኤል ባለ መንታ አፈሙዝ ጠመንጃ ለአሜሪካ ሲቪል ገበያ የተዘጋጀው ለእያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ ምላጭ ተደርጎለት ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን ነጥብ ከአሜሪካው ይልቅ ጥርት አድርጎ ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ በአንቀጽ 5 የሚከለክለው፣ ምላጩ ደጋግሞ ሳይሳብ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጥይት በተከታታይ እንዲተኩስ ሆኖ የተነደፈን መሣሪያ ነው። ሕጉ «በተከታታይ» ብሎ ስለወሰነ፣ እንደ ዳክዬ እግር ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስጮህ መሣሪያ በዚህኛው ንዑስ አንቀጽ አይያዝም። በሌላ ንዑስ አንቀጽ ግን ሊያዝ ይችላል፤ በመጋቢት 1996 በደንብሌን ከተማ ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትና አንዲት መምህርት ከተገደሉ በኋላ፣ በ1997 በተደረገው ማሻሻያ አፈሙዙ ከ30 ሴንቲሜትር ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲሜትር ያነሰ መሣሪያ በታላቋ ብሪታንያ ተከልክሏል። በአፉ የሚጎርስ ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ሆኗል። ስለዚህ በዚያ አገር ደሪንጀር የተከለከለው ሁለት አፈሙዝ ስላለው ሳይሆን አጭር ስለሆነ ነው።

የቦሳ ልጅ

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። በተከታታይ ወጣ፣ በአንድ ጊዜ ወጣ፣ ለተመታው ሰው ምን ልዩነት አለው? ሁለት ጥይት ሁለት ጥይት ነው። ሕግ አውጪዎች እንዲህ ባለ ቀጭን መስመር ላይ ከሚከራከሩ አደገኛ የሚባሉትን ንድፎች በስም ዘርዝረው ቢከለክሉ ለፖሊስም ለዳኛም ይቀል ነበር። ተራው ሰውም ዝርዝሩን አይቶ የተከለከለውን ያውቅ ነበር።

አዌቱ ሕግ

ወንድሜ፣ ተቃውሞህ የሚናቅ አይደለም፤ በሁለት በኩል ልመልስ።

አንደኛ፣ ሕጉ መትረየስን ለይቶ የከበደበት ምክንያት የጥይቱ ቁጥር ብቻ አይደለም። የተፈራው የማይቋረጥ ጎርፍ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ በአንድ ስበት ሊያወጣ የሚችለው ከሁለት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ተኳሹ እንደገና መወሰን አለበት። ቁጥሩ ብቻውን መመዘኛ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ስበት ብዙ ፍንጣሪ እርሳስ የሚበትነው ተራ የአደን ጠመንጃ ከሁሉ ቀድሞ መትረየስ ይባል ነበር።

ሁለተኛ፣ በስም መዘርዘር የሚቀለው ለአንድ ሰሞን ነው። ንድፍ አውጪው በዝርዝሩ ላይ ያለውን መሣሪያ አንድ ብሎን ለውጦ በሌላ ስም ያወጣዋል፤ ሕጉም ከኋላው ሲሮጥ ይኖራል። በሥራው መተርጎም የሚሻለው ለዚህ ነው። ሆኖም በሥራ መተርጎምም የራሱ ዋጋ እንዳለው አልክድም። በአሜሪካ በላስ ቬጋስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተፈጸመው ግድያ በኋላ፣ የጠመንጃውን የኋላ ግፊት ተጠቅሞ ምላጩን ከጣት ጋር ደጋግሞ የሚያጋጨውን ልዩ ሰደፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በደንብ መትረየስ አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሰኔ 2024 በ6 ለ3 ድምፅ፣ ምላጩ ለእያንዳንዱ ጥይት እየተመለሰ እንደገና ስለሚሠራ በሕጉ ትርጉም መትረየስ አይደለም ብሎ ደንቡን ሻረው። ውጤቱ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ እኔም የሟቾቹን ቤተሰቦች ሐዘን አቅልዬ አላይም። ነገር ግን የትርጉሙን ድንበር ማስፋት የፈለገ ሕግ አውጪ ሕጉን ራሱን ማሻሻል ይችላል፤ ያ ደግሞ የምክር ቤት ሥራ ነው።

ጅሬን ታሪክ

መምህር ያስረዱት የንድፍ መስፈርት ለአገራችንም እንግዳ እንዳልሆነ በታሪክ ማሳየት እፈልጋለሁ። አፍሪካን በሙሉ የነካ፣ በመሣሪያ ንድፍ ላይ የተመሠረተ ሕግ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1890 በብራስልስ ተፈርሟል። ስምምነቱ የተጠራው የባሪያ ንግድን ለማጥፋት በሚል ነው። በውስጡ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ20ኛው ዲግሪ አንሥቶ በስተደቡብ እስከ 22ኛው ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ምድር የጦር መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክሉ አንቀጾች ነበሩበት። ጅማ በ7ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከዚህ ክልል መካከል ናት።

የክልከላውን አቀራረጽ ልብ ብላችሁ ተመልከቱልኝ። በተለይ እንዳይገባ የተፈለገው ጠመዝማዛ ቦይ ያለውና የተሻሻለው ጠመንጃ ነው። በልዩ ሁኔታ እንዲሸጥ የተፈቀደው ደግሞ ውስጡ ልሙጥ የሆነና በባልጩት ድንጋይ የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ ከተራ ባሩድ ጋር ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ቦይ መኖር አለመኖሩና እሳቱ የሚጫርበት መንገድ ማን ራሱን መከላከል እንደሚችልና እንደማይችል የሚለይ መስመር ሆነ ማለት ነው። ቦዩ እርሳሱን እያሾረ ስለሚያስወጣው ጥይቱ ሩቅና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልሙጡ ግን ከጥቂት ርቀት በኋላ ወዴት እንደሚያዘነብል አይታወቅም። ቦይ ያለውን ለራሳቸው ያስቀሩት ወገኖች ልሙጡን ለእኛ ሲፈቅዱ፣ የጦርነቱን ውጤት ከወዲሁ በፋብሪካ ንድፍ ላይ መጻፍ ፈልገው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እንደታሰበው አልሆነም። ውጅግራውና ሬሚንግተን የሚባለው ጠመንጃ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል መግባቱ አልቆመም፤ በዓድዋ በ1888 ዓ.ም. የተሰለፈው ጦርም በእነዚህ መሣሪያዎች ታጥቆ ነበር። በኋላም በነሐሴ 1930 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር በፓሪስ ስለ መሣሪያ ግዢ በተፈራረመችው ውል፣ ቢያንስ ተከልካይ ብቻ ሳትሆን ፈራሚ ሆና ቀረበች።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ለወንድማችን ጥያቄም መልስ ይሆናል። የንድፍ ሕግ ሲጻፍ መስፈርቱ መሣሪያው የሚያደርሰው አደጋ ነው ወይስ መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ማንነት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የ1890ው ሕግ በንድፍ ቃል ተሸፍኖ ሰውን ለየ። የ1934ቱና የ1968ቱ ሕጎች ጉድለት ቢኖርባቸውም የሚለዩት መሣሪያውን ነው።

የሰቃ ተወላጅ

እጅግ ጠቃሚ ውይይት ነው። እኔ የምጠይቀው ተግባራዊ ጉዳይ ነው። በዘመድ ቤት አንድ አዛውንት ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ሲከፈት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አፈሙዞቹ ተደራርበው የሚታዩ፣ ዝገት የበላው አጭር ሽጉጥ ተገኘ። ልጆቻቸው የአያት ቅርስ ነው፣ አሮጌ ስለሆነ ሕግ አይመለከተውም ይላሉ። እውነት አሮጌ መሣሪያ ከሕግ ውጭ ነው?

አዌቱ ሕግ

እህቴ፣ መጀመሪያ ለሟች ነፍስ ይማር። ሁለተኛ፣ ልጆቻቸው ሽጉጡን ለመክፈትም ሆነ ለማጽዳት እንዳይሞክሩ ንገሪያቸው፤ ጎርሶ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ጥይት ደግሞ አይታመንም።

የዕድሜ ወሰን በብዙ ሕጎች አለ፤ ወሰኑ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአሜሪካ ጥንታዊ የሚባለው እስከ 1898 ድረስ የተሠራው ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2001 ያወጣው የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል ከ1899 በኋላ የተሠራ መሣሪያ በምንም ሁኔታ ጥንታዊ ሊባል እንደማይችል ይደነግጋል። በእንግሊዝ በ2021 የወጣው ደንብ ደግሞ ከመስከረም 1 ቀን 1939 በፊት መሠራቱን ብቻ ሳይሆን ጥይቱ ወይም የእሳት አጫጫሩ ጊዜ ያለፈበት መሆኑንም ይጠይቃል። የሬሚንግተኑ ደሪንጀር እስከ 1935 ድረስ ስለተሠራ፣ ሁለት መንትያ የሚመስሉ ሽጉጦች አንዱ ከወሰኑ ወዲህ፣ ሌላው ከወሰኑ ወዲያ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝገት የዕድሜ ማስረጃ አይደለም፤ በጅማ እርጥበት ብረት በጥቂት ክረምት ይዝጋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሥራ ላይ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መሠረቱ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሥራት፣ ማዘዋወርና መነገድ የተከለከለ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ፈራሚ በመሆኗም የመሣሪያ ምዝገባና ምልክት ማድረግ የጎረቤቶቻችንም የጋራ ግዴታ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ቅርስ ነው ብሎ በራሱ እንዳይወስን። አንድ የቤተሰብ አባል መሣሪያውን ሳይዝ፣ ባዶ እጁን ወደ አቅራቢያው ፖሊስ ሄዶ እንዲህ ያለ ዕቃ ተገኝቷል ብሎ ያሳውቅ፤ ፖሊስ ራሱ መጥቶ ይረከበው። ዕቃው በእርግጥ የታሪክ ዋጋ ያለው ሆኖ ከተገኘ ስለ ሙዚየም መነጋገር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያውን በከረጢት ይዞ በባጃጅ መሄድ ግን በመንገድ ላይ ፍተሻ ቢገጥም ለማስረዳት የሚያስቸግር አደጋ ነው።

የሰቃ ተወላጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። የመጨረሻውን ምክር ዛሬውኑ አደርሳለሁ። ልጆቹ በእጃቸው ይዘው ሊሄዱ አስበው ነበር።

ብረት ሠሪ ሒርማታ

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ለማት ሁለት ዓይነት አፈሙዝ አለው፤ አንዱ ቦይ ያለው፣ ሌላው ልሙጥ። እርስዎ ከዘረዘሩት መስፈርት የትኛው ላይ ይወድቃል? ዛሬ በጣልያን ፒዬታ የተባለው ፋብሪካ ቅጂውን ስለሚሠራ ጥያቄው የሙት ጥያቄ አይደለም።

አዌቱ ሕግ

በ1934ቱ የአሜሪካ ሕግ «ሌላ ማናቸውም መሣሪያ» የሚል ክፍል አለ። የሕጉ ረቂቅ መጀመሪያ ተራ ሽጉጦችንም ያካትት ነበር፤ ያ ከመጽደቁ በፊት ወጣ። የተደበቁና ያልተለመዱ አጫጭር መሣሪያዎች ግን ቀሩበት። በዚህ ክፍል ውስጥ ከተጠቀሱት አንዱ ልሙጥ አፈሙዝ ያለውና የተዘጋጀ የፍንጣሪ ጥይት እንዲተኩስ የተነደፈ ሽጉጥ ነው። ቦይ ያለው አፈሙዝ የያዘ ሽጉጥ ከክፍሉ ውጭ ስለሆነ፣ ታውረስ የተባለው የብራዚል ኩባንያ የፍንጣሪ ጥይት ጭምር የሚጎርሰውን «ጀጅ» የተባለ ሽጉጡን በአፈሙዙ ውስጥ ቦይ አውጥቶለት እንደ ተራ ሽጉጥ ይሸጠዋል።

ለማት ላይ መልሱ የሚወሰነው በአጎራረሱ ነው። የመጀመሪያው ለማትም ሆነ የፒዬታ ቅጂ ባሩድና እርሳስ ለየብቻ ተሞልቶለት፣ ሲመታ እሳት በሚጭር ትንሽ ቆብ የሚተኮስ ስለሆነ «የተዘጋጀ ጥይት» አይጎርስም። ሕጉ እንዲህ ያሉትን ጥንታዊ መሣሪያዎችና ቅጂዎቻቸውን ከቁጥጥሩ አውጥቷል። አንድ ሰው ዛሬ ያንኑ ንድፍ ወስዶ መካከለኛውን ልሙጥ አፈሙዝ የዘመኑን የፍንጣሪ ጥይት እንዲጎርስ አድርጎ ቢሠራው ግን፣ ዘጠኙ ጎሬዎች ምንም ሳይለወጡ፣ በዚያ በአንዱ አፈሙዝ ምክንያት ብቻ መሣሪያው በሙሉ በዚያ ክፍል ሊመደብና አስቀድሞ መመዝገብ ሊኖርበት ነው።